የታሰሩት እጆችና አባጨጓሬው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንቺው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ልጁ ትል በነካች ቁጥር ልቡ በአፉ ልትወጣ የምትደርስ።

የጓሮው ጎመን ቅጠሉ ለድንኳን ይበቃል። ቀንድ አውጣው ደግሞ ጥጃ ያክላል፤ ማለቴ፣ በእሱ ዓይን። የስድስት ዓመት ልጁ ግን አንዱንም አትፈራም። እጇን በውሃ ታረጥባለች፣ መዳፏን መሬት ላይ ትዘረጋለች፣ ትሉ ራሱ ወዶ መዳፏ ላይ ይወጣል። አይታ ስትጠግብ ካገኘችበት ትመልሰዋለች። ያስተማረቻት አክስቷ ናት፤ «ለስላሳውን በእርጥብ እጅ፣ ጠጉራሙን በቅጠል» ብላታለች።

አባትዬው ይህን ሲያይ ጩኸቱ ሦስት ወንዝ ይሻገራል። «ይበላሻል! ይመርዝሻል! ጣትሽን ቆርጦ ይዞት ይሄዳል!» ጩኸቱ አልበቃ ቢለው፣ ልጅቷ ወደ ጓሮ በወጣች ቁጥር ሁለት እጆቿን በእናቷ መቀነት ያስር ጀመር። አገር ሳቀበት። እሱ ግን «ልጄን አዳንኳት» ብሎ ደረቱን ነፋ።

አንድ ቀን ከጓሮው ኮክ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ሳለ አንድ አባጨጓሬ ጠብ አለበት። የት? ግንባሩ ላይ! ጠጉሩ የአንበሳ ጎፈር! እየተሳበ ወደ ዓይኑ ቆብ ወረደ። ሰውዬው በጥፊ ሊጨፈልቀው እጁን ሰነዘረ።

«አባዬ፣ እንዳትመታው!» ልጅቷ ጮኸች። «ጠጉሩ ዓይንህ ውስጥ ይሰካል! ጨፍን፣ አትነቃነቅ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «እና ምን ላድርግ?» አለ፣ ከንፈሩን እንኳ ሳያንቀሳቅስ።

«እኔን ፍታኝ!»

አጠገቡ ተንበረከከች። ያ ጓሮ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በገዛ እጁ የቋጠረውን መቀነት ከልጁ እጆች ላይ በዳበሳ ይፈታ ጀመር። እንዴት አጥብቆት ኖሯል! አባጨጓሬው ሽፋሽፍቱ ጫፍ ደረሰ። ላቡ ጎመኑን ሊያጠጣ ምንም አልቀረው። ቋጠሮው ላላ፣ ላላ፣ ተፈታ! ልጅቷ የጎመን ቅጠል ቀንጥሳ ከአባጨጓሬው ፊት ደገነች። አልገፋችውም፣ አልጎተተችውም፤ ጠበቀችው። እሱም እንደ ባለርስት እየተንጎራደደ ቅጠሉ ላይ ወጣ። ወስዳ ዛፉ ላይ መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ አባትዬው «እስቲ ጠጉራሙ የትኛው ነው? ይሄንንስ ልንካው?» እያለ ከልጁ ኋላ ኋላ ሲል ይውል ነበር።

እንግዲህ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ «የልጄን እጅ ከጓሮ ትል እንዴት ላርቀው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ልጅሽን በከለከልሽው ቁጥር ያንኑ የሰውዬውን ቋጠሮ ትቋጥሪያለሽ፤ ክፉ ነገር ሲመጣ እሱም አያውቀው፣ አንቺም አታውቂው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ የሚነካውንና የማይነካውን ብታሳዪው ግን ለራስሽም ጠባቂ አበጀሽ። ሲጨርስ እጁን ይታጠብ፤ በቃ።

ግን መጀመሪያ የምትማሪው አንቺ ነሽ! ይቺን ቀንድ አውጣ አየሻት? እጅሽን አርጥቢ፣ መዳፍሽን ዘርጊ... ወዴት ነው? ኧረ እትዬ፣ ተመለሺ! እሷ እንኳ እንዲህ አትሮጥም!