አብራው ያዘነችው ድመት

አንድ ሰው ነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት። አዎ ወለተ ኪዳን፣ እንዳንቺው ሐዘን ቤቱ የገባ። «አባ፣ ልጄ እኔ የበላሁትን እየበላች፣ እኔ ባለሁበት እየዋለች፣ ስለ ምን ትመነምንብኛለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ።

ይህ ሰው ሚስቱን በቀበረ ማግስት «ከእንግዲህ ሥጋ እርም ይሁንብኝ» ብሎ ማለ። ይማል፤ ሆዱ የራሱ ነው። ሚስቱ ግን አንዲት ድመት ትታ ነበር፣ ቡራቡሬ፣ ያየችውን አይጥ የማታስቀር። ሟቿ በሕይወት ሳለች ጉበትና ሳንባ ቆራርጣ በትንሽ ሳህን ትሰጣት ነበር። ሰውየውም ድመቷን ይወዳት ነበር፤ የሚስቱ እጅ የዳበሳት ናትና። ስለዚህ በሩን ዘጋባት፣ የአይጡንም ጉድጓድ ደፈነ። «የሐዘን ቤት ነው፤ ደም አይፈስበትም» አለ። በዚያችው ሳህን በሽሮ የራሰ እንጀራ አቀረበላት፣ እንዳያቃጥላት እፍ እያለ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ።

ድመቷ መጀመሪያ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሲርባት ግን በላች። ምን ታድርግ?

አንዲት ጎረቤት ነበረችው፣ ያየችውን ሳትናገር የማታድር። «አያ፣ አንተ ሰው ነህ፣ በጥራጥሬ ዓመት ትከርማለህ። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትሆንም፤ ፈጣሪ ሲፈጥራት እንዲያ ነው» አለችው።

እሱ ተቆጣ። «እኔን የበቃኝ ለሷ ያንሳል? ሚስቴ የሞተችው በኔ ብቻ ነው?»

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። የድመቷ ጠጉር ተጎሳቆለ፣ መጫወት ተወች፣ ጥግ ይዛ ዝም አለች። ሰውየው ምን አለ መሰለሽ? ለመጣው ሰው ሁሉ «እዩልኝ፣ እሷም እንደኔ ታዝናለች» ይል ጀመር። ደስ አለው! አብራው የምታዝን አገኘ። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ያናድደኛል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጎረቤቲቱ እቤቱ ተቀምጣ ሳለ፣ አይጥ አዲስ ጉድጓድ ምሳ ከግድግዳው ሥር ወጣች። ዝግ ብላ መጥታ ከድመቷ ሳህን መብላት ጀመረች። ድመቷ ጆሮዋን አቆመች፣ ተወረወረችና የበርጩማውን እግር በግንባሯ መታች። ጎረቤቲቱ ተነስታ እጇን በድመቷ ፊት ወዲያ ወዲህ አደረገች። ዓይኗ አልተርገበገበም።

«አያ፣ ድመትህ አዝና አይደለም። ሥጋ አጥታ ዓይኗ ጠፍቶ ነው።»

ሰውየው መሐላውን ጥሶ፣ ነጠላውን እንደዘቀዘቀ ወደ ሥጋ ቤት ሮጠ። ጉበት ገዛ፣ ቆራርጦ ሰጣት። እያጉረመረመች በላች። ውሎ አድሮ ጎኗ ሞላ፣ ጠጉሯም አማረ። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን ተከትላ በሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ፀሐዩን ግን አታየውም። ሰውየውም እሷን ባየ ቁጥር ያለቅሳል፤ በዚህኛው ለቅሶ የሚያጽናናው አላገኘም።

ምሳሌው ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ወለተ ኪዳን።

ልጅሽ ትርሲት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት አስቀርተሻታል፣ ጓደኞቿን ከደጅ መልሰሻል፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርደሻል። «ዝም የምትለው አባቷን እያሰበች ነው» አልሽኝ፤ ይህን ስትዪ ደግሞ ፊትሽ ፈካ ብሎ ነበር፣ አይቼሻለሁ። ሐዘን ላንቺ ምግብ ሆኖልሻል፤ እየቆረስሽ ትኖሪበታለሽ። ለልጅ ግን አይሆንም። የልጅ ምግቧ ሳቅ ነው፣ ሩጫ ነው፣ እኩያ ነው። አንቺ ክፉ እናት አይደለሽም፤ ባለድመቱም ክፉ ሰው አልነበረም።

«ሙት ዓመቱ ይውጣና» እንዳትዪኝ። አሁኑኑ ሂጂና መስኮቱን ክፈቺው። ብርሃኑ ወግቷት ፊቷን ከሸፈነች ደስ ይበልሽ፣ ገና አለችልሽ። ዝም ብላ ከተቀመጠች ግን ወደኔ ተመልሰሽ አትምጪ። ለዚያ የሚሆን ምሳሌ የለኝም።