አራት ገመድ የሐይቅ ዳር

አንድ ሰው ነበረ። ሐይቅ ዳር ባለ መንደር ይኖር ነበር፤ ሰው ሁሉ ያምነዋል። ሽማግሌ ነህ ብለህ ያመጣህልኝን ጥያቄ አልረሳሁትም፣ አንዳርጌ። «በዚህ ዓመት ሚስቴን የበደልኳት ሁለት ጊዜ ነው፤ እሷ ግን ቆጥራ አትጨርስም። ከሁለታችን ማን ይዋሻል?» ነው ያልከኝ። ቁጭ በልና ስማ።

ጉማሬ ከውሃው እየወጣ በቆሎ ሲጨርስባቸው መንደርተኞቹ ዳርቻውን ሊያጥሩ ተስማሙ፤ ሥራውን እንዲያከፋፍልም ይህን ሰው መረጡት። እሱም ታንኳ ላይ ሆኖ፣ ወደ ውሃው ገፍቶ ከወጣ የመሬት ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ድረስ ገመድ እየወጠረ ለካ። ለየቤቱ አራት አራት ገመድ ዳርቻ ደረሰው። አንዱ ገመድ ሃምሳ ክንድ ነው፤ በየክንዱ አንድ እንጨት ይተከላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት መቶ እንጨት ሰጠ። ለራሱም አላዳላም።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ግን ሁለት መቶውን ተክላ ስትጨርስ የድርሻዋ እኩሌታ ላይ እንኳ አልደረሰችም። እንጨት ጨምሩልኝ አለች። ሰውየው በታንኳ ሄዶ እንደገና ለካ፤ አሁንም አራት ገመድ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ እንጨቱን ለማገዶ አንድደሽዋል አላት። ማለች፤ ማን ይስማት? በሳምንቱ ጉማሬው ባልታጠረው በኩል ገብቶ የሦስት ጎረቤት በቆሎ አወደመ። ሰዎቹም መሬቷ ለሌላ ይሰጥ አሉ።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። «መሬቴን ከመውሰድዎ በፊት አንድ ጊዜ ከታንኳው ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱበት» አለችው።

ሊያሳፍራት ብሎ ወረደ። በክንዱ እየለካ ጠርዝ ጠርዙን ሄደ። ከታንኳ ሲያዩት እንደ ሌሎቹ ድርሻ ቀጥ ያለ የሚመስለው ዳር ለካ ገባ ወጣ የበዛበት ኖሯል፤ ውሃው በየቦታው እንደ ጣት ወደ መሬቱ ይገባል። ሁለት መቶ ብሎ ቀና ሲል ገና ግማሽ መንገድ አልደረሰም። አራት መቶ ስድሳ ላይ ጨረሰ። አላምን ብሎ ተመለሰና፣ ክንድ የማይገባበትን ስርጉድ ሁሉ በስንዝር እየለካ እንደገና ጀመረ፤ ይባስ ብሎ ወደ ክንድ ሲመልሰው ስድስት መቶ አለፈ። ዳሩ አልተለጠጠም። መለኪያው ባጠረ ቁጥር ገመዱ የዘለለውን ጥጋጥግ ሁሉ ያገኛል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ገመዱ አልዋሸም፤ ሴትዮዋም አልዋሸችም። ሰውየው ግን አፈረ። ያፈረው በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቷ ሆኖ ያን ዳር አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስትተክል ታንኳ ላይ ሆኖ አይቷት ነበር፤ አሁን ትዝ አለው። ሕዝቡ ፊት ቆሞ «እንጨቱን አላነደደችም። ሳልሄድበት የፈረድኩት እኔ ነኝ» አለ። የጎደለውን እንጨት ራሱ ተሸክሞ አመጣላት፤ እሷ ስትተክል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

አንተም ዓመቱን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ በገመድ ለካኸው፤ ሁለት ትልልቅ ጠብ ታየህ። እሷ በክንድ ኖረችው። ስትጠራህ ዝም ያልክበትን፣ ሰው ፊት ንግግሯን ያቋረጥክበትን፣ ታማ ተኝታ እንዴት አደርሽ ሳትላት የወጣህበትን ጠዋት ሁሉ በእግሯ ረግጣ አለፈችው። ቁጥራችሁ ቢለያይ ምን ይገርማል? ሳትሄድበት ውሸታም ያልካት አንተ ነህ፤ እዚህ ድረስ የመጣኸውም አብሬህ እንድፈርድባት ነው።

አንገትህን መድፋትህ ደግ ነው። ግን እኔ ፊት መድፋት ምን ያደርግልሃል? ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ በላት። ይረዝማል። እያፈርክም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስማት።