አሥራ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ቤት

በአንድ ወቅት፣ ዶሮ ጥርስ ልታበቅል ጥቂት ሲቀራት፣ በኮረብታ ላይ የቆመ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበረ። ግቢው ከመስፋቱ የተነሣ ጠዋት ተላጭቶ የገባ መምህር ክፍሉ ሲደርስ ጺሙ አድጎ ይገኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ ቤት ሊሠራ ቃል ገብቷል። በየዓመቱም አንድ ትልቅ ሰው በመኪና ይመጣል፤ ሪባን ይቆርጣል፤ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ፣ ተጨብጭቦለት ይሄዳል። በአሥራ አንድ ዓመት አሥራ አንድ ድንጋይ ተደረደረ። ቤት ግን የውሻ እንኳ የለም።

በታሪክ ትምህርት ክፍል ካሉት አሥራ ሁለት መምህራን አንዱ ደምመላሽ ይባላል። የተከራያት ክፍል ከመጥበቧ የተነሣ ሲተኛ እግሩ ጎረቤት ያድራል። ዘውድነሽን ሊያገባ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ ግን «ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው? ኪሱ ውስጥ?» እያሉ ይመልሱበታል። ይህ ሰው አንድ በሽታ ነበረበት፤ ቅናት። የሌላው ጥላ ከሱ ጥላ ረዝሞ ካየ ፀሐይዋን ይቆጣል።

አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ የተቀመጠ ዕለት፣ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ ደምመላሽ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ቤት እስኪሠራ አልነሣም። ጠመኔም አልይዝም» አለ።

ባልደረቦቹም እየሮጡ አንዳንድ ድንጋይ ያዙ። እንዲህ ሆኖ ሥራ ቆመ። አርባ ቀን ፀሐይ ጠበሳቸው፤ ዝናብ ቀቀላቸው። ለደምመላሽ የስንብት ደብዳቤ መጣለት። አንብቦ፣ አጥፎ፣ ባርኔጣ ሠራበት።

አንድ ድንጋይ ግን ባዶ ቀረ። የአሥራ ሁለተኛዋ መምህርት፣ የይመኙሻል ድንጋይ ነው። ይመኙሻል ልትቀመጥ ስትል ተመራቂ ተማሪዎች እያለቀሱ መጡ። በየቤቱ ለምርቃት በግ እየሰባ ነው፤ ምርቃቱ ከቀረ በጎቹ በውፍረት ሊፈነዱ ነው።

«እናንተ ተቀመጡ። እነዚህ ልጆች ግን ምን አደረጉ?» አለቻቸው ባልደረቦቿን።

የአሥራ ሁለቱንም መምህራን ትምህርት ብቻዋን፣ ደጅ፣ ሾላ ሥር አስተማረች። ድምፅዋ እስኪዘጋ፣ ከዚያም በምልክት። ባልደረቦቿ «አድማ ሰባሪ!» ብለው ሰላምታ ነሷት። የከተማው ወላጆች ግን ይህን አይተው «ለካ መምህራኑ ሰነፎች አይደሉም!» አሉና የግቢው በር ላይ ተሰብስበው «ቤት ሥሩላቸው!» ብለው ጮኹ።

ደምመላሽ ደስ ሊለው ሲገባ አንጀቱ አረረ። «እኔ ፀሐይ ላይ፣ እሷ ጥላ ሥር! ሕዝቡ ደግሞ የሚያየው እሷን!» ሾላው ላይ ሳይቀር ቀና።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አሰግደው የሚባለው ከድንጋዩ ተነሣ። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ፣ ግን ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ለዚህም ቢሆን ደምመላሽ ቀንቶበታል።

«ወዴት ነው፣ አሴ?»

«ወንበር ወዳለበት።»

ማንም ሳይልከው በፕሬዚዳንቱ ቢሮ በር ላይ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ጸሐፊዋ የቢሮው ዕቃ መስሏት አቧራውን ትጠርግለት ጀመር። በመጨረሻ የወላጆቹ ጩኸት መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ ተጠራ። ገባ። የተፈረመ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ስንብቱ ተሰርዟል፤ አንድ ቤት ዛሬውኑ ይጀመራል፤ የቀረው በጀት ሲገኝ።

«አሥራ ሁለት ጠይቀን አንድ ታመጣለህ? ሸጥከን!» ሲል ደምመላሽ ጮኸ።

«ከአሥራ ሁለት ድንጋይ አንድ ቤት ይሻላል» አለ አሰግደው።

ቤቱ ተሠራ። የሚዘጋ በር፣ የሚከፈት መስኮት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ውኃ የሚያፈስ ቧንቧ አለው። ፕሬዚዳንቱ ቁልፉን ለታሪክ ትምህርት ክፍሉ መምህራን ሰጥተው «በሦስት ቀን ተስማሙ። ካልተስማማችሁ የተሰበረ ወንበር እናከማችበታለን» አሉ።

ቁልፉን የሚፈልጉት ሦስቱ፣ ደምመላሽ፣ ይመኙሻልና አሰግደው፣ ድምፅ አይሰጡም ተባለ። የቀሩት ዘጠኙ ሦስት ሦስት ሆነው ተከፈሉ።

«ደምመላሽ ባይቀመጥ ማን ይቀመጥ ነበር?» አሉ ሦስቱ።

«ተቀምጦ ምን አመጣ? ፀሐይ ሞቀ! ሕዝቡን ያስነሣችው ይመኙሻል ናት። እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው» አሉ ሦስቱ።

«አሰግደው ባይገባ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይጮህ ነበር። ያስፈረመው ማን ነው?» አሉ የቀሩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የዘውድነሽ አባት የግቢው በር ላይ ናቸው፤ «ቁልፍ ከያዘ የሠርግ ቀን እንቆርጣለን፤ ካልያዘ ሌላ ጠያቂ አለ» ብለዋል። ደምመላሽ ሁለቱን ተፎካካሪዎቹን እያፈራረቀ አያቸው። ሦስቱን ደጋፊዎቹን ለይመኙሻል ልስጥ ቢል ሾላው ትዝ ይለዋል፤ ለአሰግደው ልስጥ ቢል ሸሚዙ። በልቡም «ከነሱ አንዱ ከሚገባበት የተሰበረ ወንበር ይግባበት» አለ። ወዲያው ዘውድነሽ ትዝ አለችውና ዞሮ ወደ ግቢው በር አየ።

ይመኙሻል በተዘጋ ድምፅዋ «በሉ እንጂ፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነው» አለች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዱ ጀመረው፤ አንዷ ሕዝቡን አስነሣችለት፤ አንዱ ቋጨው። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? ለደምመላሽ የምትሉም ካላችሁ ንገሩን፤ ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው፣ ወይስ ስላሳዘናችሁ?