የይመር ፔዳል አልናገር ያለ ዕለት

ተረት ይምጣ ካላችሁ ይኸው መጣ። በላም በረት በኩል ግን አይደለም፤ በኮምቦልቻ፣ በአንድ የሠርግ አዳራሽ በር በኩል ነው የመጣው።

ይመር የሚባል ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበረ። የዚያን ዕለት ይመር ጭብጨባ አልፈለገም፣ ሙገሳም አልፈለገም። የፈለገው አንዲት ወፍራም፣ ዝቅ ያለች ድምፅ ብቻ ነው።

ድምፅዋን የፈለጋት ለጋሽ ተፈራ ነው። ጋሽ ተፈራ ይመርን ጊታር ያስያዙት፣ ሲሳሳት ጣቱን መታ እያደረጉ ያስተማሩት ሰው ናቸው። በከተማው የተዳረ ሁሉ አዳራሽ የገባው በእሳቸው ቤዝ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ግን ዕድሜ ልክ ከስፒከር አጠገብ መቆም ያመጣው ጣጣ አለና ጆሯቸው እየደከመ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ዘፈኑም፣ እልልታውም፣ የባለቤታቸው ጭቅጭቅም ራቃቸው። በመጨረሻው እንኳ ብዙም አላዘኑም። የቀረቻቸው አንዲት ነገር ናት፤ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ከተመታ፣ በወንበሩ እግር ሽቅብ መጥቶ ደረታቸው ውስጥ ይገባል። "ለእኔ መስማት ማለት ያ ነው" ይላሉ።

ዛሬ የምትዳረው አንድያ ልጃቸው ወይንሸት ናት። በጠዋት ለይመር ደወለችለት።

"ይመርዬ፣ አባዬ የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስገባ ኖሮ፣ የኔን መግቢያ ሳይሰማ አልገባም። እሱ ካልሰማ በሩ ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ መቼም ታውቀኛለህ።"

ይመር በደንብ ያውቃታል። ቆማ ትቀራለች።

ፔዳሉን ያዘጋጀው ለዚህ ነው። ፔዳሉ በእግር የሚረገጥ፣ ከጫማ ሳጥን ያነሰ ዲጂታል ዕቃ ነው። የጊታሩ ገመድ በአንድ በኩል ይገባበታል፣ በሌላው በኩል ወደ ስፒከሩ ይወጣል፤ እሱ በመሀል ድምፁን እንደታዘዘው ያወፍረዋል፣ ያቀጥነዋል፣ ያስተጋባዋል። ይመር ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል፣ የተመታውን ይዞ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት እርከን፣ ወደ ታች የሚወርደውን መረጠ። ሹሉን ከላይ ቀነሰ፣ ሆዱን ከታች ሞላ፣ ከዚያም "ጋሽዬ" ብሎ ስም አውጥቶ ፔዳሉ ውስጥ አስቀመጠው። ጊታሩ ብቻውን ያን ያህል አይወርድም።

እንግዲህ ይመር አዳራሹ ደርሶ፣ ፔዳሉን መድረኩ ላይ አስቀምጦ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን አዳፕተር ከቦርሳው ቢፈልግ፣ የለም። ፔዳሉን አሰናድቶ እንደጨረሰ ለጸጉር አስተካካዩ ለሰይድ አውሶታል። በዚያ ሰፈር "እስቲ አውሰኝ" ያለን ሰው መከልከል ነውር ነው። የሁሉም ዕቃ ሌላ ሰው ቤት ነው የሚያድረው፤ የገዛ ዕቃህ ሲያስፈልግህ ጎረቤት ትጠይቃለህ።

ፔዳሉ ያለ አዳፕተሩ አልናገር አለ። ፔዳሉ ካልተናገረ ጋሽ ተፈራ አይሰሙም፤ ጋሽ ተፈራ ካልሰሙ ወይንሸት አትገባም።

ይመር ጊታሩን ለማንም አደራ አይሰጥምና ከነቦርሳው አዝሎት ወጣ። ሲራመድ ከቦርሳው ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ጀርባውን ጎሸም ያደርገዋል። ቸኩሎ ስለነበር አላየውም።

"ሰይዴ፣ አዳፕተሬን!"

"እሱን ብሰጥህ ይሄን ምን ላድርገው?" አለ ሰይድ ወንበሩን እያዞረ። ወንበሩ ላይ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ተቀምጧል። በግራ በኩል ተቆርጧል፣ በቀኝ በኩል ጸጉሩ እንዳለ ነው። ሌሎቹ ሚዜዎች ደግሞ ወረፋ ይዘው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። "ቶንዶሱ የሚሠራው በአንተ አዳፕተር ነው። የራሱን ቻርጀር እትዬ ከድጃ መብራታቸው ላይ ሰክተውታል። እሱን አምጣልኝና ያንተን ውሰድ።"

"ኧረ ቶሎ በል ወንድሜ" አለ ሚዜው በመስታወቱ ውስጥ እያየው። "እንዲህ ሆኜ ላጅብ ነው?"

ቶንዶሱ አዳፕተሩን አልለቅ አለ፣ ፔዳሉ ያለ አዳፕተሩ አልናገር አለ። ፔዳሉ ካልተናገረ ጋሽ ተፈራ አይሰሙም፤ ጋሽ ተፈራ ካልሰሙ ወይንሸት አትገባም።

ይመር ጊታሩን እንዳዘለ፣ ጀርባውን እየተጎሸመ፣ ወደ እትዬ ከድጃ ሄደ። እትዬ ከድጃ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ስለሆነ በቀትርም መብራት ያበራሉ።

"እትዬ፣ የሰይድን ቻርጀር ፈልጌ ነበር።"

"ውሰደው ልጄ፣ ውሰደው። ግን መብራቱ ከጠፋ የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ዓይኔ አያየውም። ጫፉን ቆርጬ ብቀመቅመው ያልቅ ነበር፤ መቀሴን ግን አራጋው ለሪባን ብሎ ወሰደው። እንዳልበጥሰው ደግሞ ጥርሱስ የታለ?" ብለው ሳቁ። ቻርጀሩን ግን አልነቀሉም።

መብራቱ ቻርጀሩን አልሰጥ አለ፣ ቶንዶሱ አዳፕተሩን አልለቅ አለ፣ ፔዳሉ ያለ አዳፕተሩ አልናገር አለ። ፔዳሉ ካልተናገረ ጋሽ ተፈራ አይሰሙም፤ ጋሽ ተፈራ ካልሰሙ ወይንሸት አትገባም።

አራጋው ዲኮር ሠሪ ነው። የት ተገኘ ብትሉ፣ ይመር በወጣበት በዚያው አዳራሽ በር ላይ ተገኘ። በር ላይ ስላችሁ ከበሩ በላይ ማለቴ ነው፤ ከግድግዳው በወጣች ጠባብ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን እንደተሰቀለ ልብስ ዘርግቶ።

"አራጋው፣ የእትዬ ከድጃን መቀስ ወርውርልኝ!"

"መቀሱ ኪሴ ውስጥ ነው። እጅ ነው ያጣሁት።"

"እንዴት እጅ ታጣለህ?"

"ግራዬ ነጩን ጨርቅ ይዟል፣ ቀኜ ወርቃማውን። አንዱን ብለቅ የጠዋቱ ልፋቴ መሬት ላይ ነው። ጋሽ እንድሪስ 'አንድ ጊዜ' ብለው መሰላሉን ከሥሬ ወሰዱት። የእሳቸውን አንድ ጊዜ ታውቀው የለ? መሰላሉን አምጣና ወጥተህ ያዝልኝ፣ መቀሱን ያኔ ትወስዳለህ።"

መቀሱ ከአራጋው ኪስ አልወጣ አለ፣ መብራቱ ቻርጀሩን አልሰጥ አለ፣ ቶንዶሱ አዳፕተሩን አልለቅ አለ፣ ፔዳሉ ያለ አዳፕተሩ አልናገር አለ። ፔዳሉ ካልተናገረ ጋሽ ተፈራ አይሰሙም፤ ጋሽ ተፈራ ካልሰሙ ወይንሸት አትገባም። ጊታሩም እየከበደ መጣ፣ ያ ከኪሱ ውስጥ ያለው ነገርም መጎሸሙን አልተወም።

ጋሽ እንድሪስ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ከአዳራሹ ጀርባ መሰላሉ ላይ ቆመው፣ የቆጣሪውን ሳጥን ክዳን በመዳፋቸው ደግፈው ተገኙ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እንደምን አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሠርጉ ተሰናዳ?"

"ሁሉ ደህና። እንደው መሰላሉን ቢሰጡኝ ብዬ ነበር።"

"መሰላሉን ሰጥቼህ እኔ በምን ልቁም?" አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ቅር ሳይላቸው። "ይህን ክዳን ሳላስር አልወርድም። እዚህ ሕፃናት ይጫወታሉ። ክፍት ኤሌክትሪክ ትቼ የሠርግ ምሳ በጉሮሮዬ አይወርድም።"

"ታዲያ ይሰሩት እንጂ!"

"በጥፍሬ? ካቻቢቴዬን አውሼዋለሁ።"

ይመር የአዳራሹን ግድግዳ ተደገፈ። ካቻቢቴው አልገኝ አለ፣ መሰላሉ ከጋሽ እንድሪስ እግር ሥር አልነሳ አለ፣ መቀሱ ከአራጋው ኪስ አልወጣ አለ፣ መብራቱ ቻርጀሩን አልሰጥ አለ፣ ቶንዶሱ አዳፕተሩን አልለቅ አለ፣ ፔዳሉ ያለ አዳፕተሩ አልናገር አለ። ጋሽ ተፈራ በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሳይሰሙ ሊቀመጡ ነው።

"ለማን ነው ያዋሱት?" አለ ቀስ ብሎ።

"ለአንድ ጊታር ተጫዋች። የጊታሬ ብሎን ላልቷል ብሎኝ። ረዘም ያለ ነው፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ቦርሳ የማይጠፋ..." ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቁልቁል አዩት። "አንተው አይደለህ እንዴ?"

ይመር እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ጠዋቱን ሙሉ ጀርባውን ሲጎሽመው የዋለውን ነገር ከቦርሳው ኪስ አወጣው። ካቻቢቴው ነው።

"አውፍ ይበሉኝ ጋሼ" አለ፣ ፊቱ ቀልቶ።

"ምን ችግር አለ፣ ስታስታውስ አመጣህ" አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ካቻቢቴው ክዳኑን አሰረ፣ ክዳኑ ጋሽ እንድሪስን ለቀቀ፣ ጋሽ እንድሪስ መሰላሉን ለቀቁ። መሰላሉ ይመርን አወጣ፣ ይመር ጨርቁን ያዘ፣ አራጋው አሰረው፣ መቀሱንም ሰጠ። መቀሱ ቀሚሱን ቆረጠ፣ ቀሚሱ አለቀ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቻርጀሩ ተነቀለ። ቻርጀሩ ቶንዶሱን አበላ፣ ቶንዶሱ አዳፕተሩን ተፋ፣ የሚዜው ቀኝና ግራም እኩል ሆነ። ይመር አዳፕተሩን ይዞ ሮጠ።

ሲደርስ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ተፈራ ከስፒከሩ አጠገብ በእንጨት ወንበራቸው ላይ፣ እግራቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። ይመር አዳፕተሩን ሰካ፣ ፔዳሉ በራ፣ በትንሿ መስኮቱ ላይ "ጋሽዬ" የሚለው ስም ለጋሽ ተፈራ ታያቸው፤ ይመርም በእግሩ ጫን አለው። ወይንሸት በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። አንድ እግሯን እንኳ አላነሳችም፤ የምታየው አባቷን ነው።

ይመር ወፍራሟን ክር መታ።

ምንም የለም። ደግሞ መታ። ምንም። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰውዬ ትከሻውን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ይመርን ያያል፣ ወይንሸትም ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይመር!" ብለው ጋሽ ተፈራ ጮኹ። የማይሰማ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅምና አዳራሹን አናጉት። ጣታቸውን ወደ ፔዳሉ መስኮት ቀስረዋል። "ስሜ የታለ? መርፌ ነው የሚታየኝ! እየቃኘህ ነው እኮ!"

እውነታቸውን ነው። ያ ፔዳል እግር ከቆየበት ወደ መቃኛው ይዞራል፤ ሲቃኝ ደግሞ ድምፅ አያወጣም። ይመር በችኮላ እግሩን ጭኖ ረስቶታል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ይመርም ሳቀ፤ ከዚያ እግሩን አንስቶ አንዴ ረገጠ። መስኮቱ ላይ "ጋሽዬ" የሚለው ስም ተመለሰ።

መታ።

ድምፅዋ ወረደች። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ነዘሩ፣ የመድረኩ ጣውላ ነዘረ፣ የወንበሩ አራት እግሮች ነዘሩ። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ተነሱና የይመርን ጣቶች እየተከተሉ መርገጥ ጀመሩ፤ አንዱንም አልሳቱም። ይመር ይህን ሲያይ እንባው መጣ፣ ሊደብቀውም አልሞከረም።

ዘፈኑ ሙሽሮች የሚገቡበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ገባች" አሉ።

ገብታለች። ወይንሸት ለሙሽሮች ወደተሰናዳው ወንበር አልሄደችም። ሙሽራውን በእጇ እየጎተተች በቀጥታ አባቷ ፊት መጥታ ጎንበስ አለችና ከንፈሯን እንዲያነቡ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ሰማህ?"

ጋሽ ተፈራ እጇን ይዘው ደረታቸው ላይ አኖሩት። ደረታቸው እስካሁን ይነዝር ነበር።

"ስሚው" አሏት።

ይኸው ነው። አዳፕተሩ አሁን ከይመር ጋር ነው፣ ቻርጀሩ ከሰይድ፣ መቀሱ ከእትዬ ከድጃ፣ መሰላሉ ከአራጋው። ካቻቢቴውም ጋሽ እንድሪስ ጋር ነው፤ ግን ሰይድ ትናንት "እስቲ ያውሱኝ" ብሏቸዋል። ይህንን ተረትም ያዋስኳችሁ እንጂ የሰጠኋችሁ አይደለም። ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ የሚጠብቀው ሌላ ጎረቤት አለ።