በመግሪብ የሚጣራው

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
ምነው ድምፃችሁ ደከመ? እራት አልበላችሁም? እንደገና!
«የላም በረት!»
እሰይ። በሉ በሩን ዝጉት። ይኼ ተረት በር ተከፍቶ አይወራም።

በድሮ ዘመን፣ በወሎ አገር፣ ከገደል አፋፍ ላይ ሸሪፋ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይማም ሞተባትና ብቻዋን ቀረች። ልጅ የላት፣ እህት የላት። ብቸኝነት ክፉ ነው ልጆቼ። ሰው እንኳን ለወሬ፣ ለመጣላትም ሰው ያስፈልገዋል። ይማም በሕይወት ሳለ እሱ ፊት ቆሞ ያሰግዳት ነበር፤ እሷም ከኋላው ትከተለው ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን ብቻዋን ትሰግዳለች።

አንድ ምሽት የጀምበር መጥለቂያውን ሰላት፣ መግሪብን፣ ሰግዳ ስትጨርስ ወደ ቀኝ ዞራ፦ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ አለች። ከዚያም ወደ ግራ ዞራ እንዲሁ አለች። ያን ጊዜ ከደጅ፦ ወአለይኩም ሰላም የሚል ድምፅ መጣ። የይማም ድምፅ ነው። ሳሉ ሳይቀር የሱ ነው።

ደነገጠች። ደስም አላት። አላህ ሰላምታዬን ሰምቶ ባሌን ላከልኝ ብላ አሰበች። ከዚያም ድምፁ በየምሽቱ እየመጣ በበሩ ቀዳዳ ያጫውታት ጀመር። እሷም ወሬው ናፍቋት ሰላቷን ታጣድፍ ጀመር። አያችሁ ሞኟን!

አንድ ቀን ጸሐይ ስትጠልቅ ድምፁ መጣና፦ ሸሪፋ፣ በረደኝ፣ ክፈቺልኝ አለ።
እጇ መቀርቀሪያው ላይ ደረሰ። ግን ልቧ ጠረጠረ። እንዲህም አለች፦ ይማም፣ መጀመሪያ እንደ ዱሮህ መግሪብን አሰግደኝ። እዚያው ሆነህ አላሁ አክበር በል፣ እኔ ከውስጥ እከተልሃለሁ።

ድምፁ አላሁ አክበር ማለቱን ሸሸ። ከዚያም፦ ሰላቱን ተይው። ከተውሽው ሁልጊዜ አጫውትሻለሁ። ከሰገድሽ ግን ይህን ድምፅ ዳግመኛ አትሰሚውም አለ።

ሸሪፋ አለቀሰች። ያን ድምፅ ከዓይኗ ብሌን አብልጣ ትወደዋለች።
፦ የኔ ይማም ሰላት ተይ ብሎኝ አያውቅም አለችና እጆቿን አንስታ፦ አላሁ አክበር አለች። ድምፁም እያላዘነ ቁልቁል ወደ ገደሉ ወረደ።

ሲነጋ ጎረቤቷ ዘሃራ መጣች። እሷም ብቻዋን የምትኖር ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።
፦ እታለም ሸሪፋ፣ የሞተችው እናቴ ትናንት ማታ ከደጄ ቆማ ስትጣራኝ አመሸች። ዛሬ ከመጣች እከፍትላታለሁ። ወላሂ፣ ብቸኝነቱን አልቻልኩትም።
ሸሪፋ ያው ጅን መሆኑ ገባት። እጇን ያዘቻትና፦ አብሽሪ። ዛሬ እዚህ ነሽ፣ አልለቅሽም አለቻት።

መሸና ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ለሰላት ቆሙ። ከደጅ የይማም ድምፅ፦ ሸሪፋ! አለ። ዳግመኛ አትሰሚውም ያለው ውሸቱን ነበር፤ ጅን መቼ ቃል ያውቃል! የእናትየዋም ድምፅ፦ ልጄ፣ ክፈቺልኝ! አለ። ዘሃራ ወደ በሩ ስታዘነብል የሸሪፋ ትከሻ ደገፋት። ሸሪፋ እንባዋ ሲያሸንፋት የዘሃራ ትከሻ ያዛት። አንዳቸውም ዞረው አላዩም።

ድምፁ ግን አልተወም። ዕድሜ ልካቸውን በየመግሪቡ ሲጣራ ኖረ ይባላል። እነሱም በሩን ሳይከፍቱለት አብረው አረጁ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በለስላሳ ዳቦ አብሱልኝ። ቆሎ ያመጣ ግን ጥርስም አብሮ ያምጣ!