ጭስ ማውጫው በተዘጋ ማግስት

የሲሚንቶ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዳምጠው፣ ሙቀት አማቂ ጋዝ የምትለካ ባለሙያ ትመጣለች ቢባሉ ምድጃውን ከዋዜማው አስጠፍተው፣ እንግዳ ጠርተው ጠበቋት። ባለሙያዋ የእጅ መሣሪያዋን ግቢው መሐል አቁማ፣ «ትንፋሽንም ይቆጥራልና እባክዎ ራቅ ይበሉ» አለቻቸው።

«በገዛ ግቢዬ?» አሉና መሣሪያው ላይ አጎንብሰው ስለ ንጹሕ አየር ግማሽ ሰዓት ደሰኮሩ። ቁጥሩ አሻቀበ። እንግዶቹ አጉረመረሙ።

አቶ ዳምጠው ደማቸው ፈላ። «ውሸታም መሣሪያ! ምድጃው ጠፍቷል፣ ጭስ ማውጫው ተዘግቷል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? እዚሁ ሰው ፊት ተናገሪ፤ አለዚያ ለአለቃሽ እደውላለሁ!»

ባለሙያዋ መሣሪያዋን ከአገጫቸው ሥር ቀስ ብላ አነሳች።

«መሣሪያውስ አልዋሸም፣ ጌታዬ። ፋብሪካውን ትናንት ዘግተውታል፤ አፍዎን ግን ረስተውታል።»