ያልተቀመሰው ምስር

አንዲት ሴት የምስር ድስት ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች። አገሩ ሕንድ ነው፤ ሙስሊሙና ሂንዱው ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት አንድ ጠባብ ሰፈር። ሴትዮዋ ናፊሳ ትባላለች። ወሩ ረመዳን ነውና ጾመኛ ናት።

ከጎኗ ሽንኩርት የምትከትፈው ጎረቤቷ ሱሺላ ናት፤ ሂንዱ። ድሮ በአጥር ላይ ሳህን ሲቀባበሉ የኖሩ ናቸው። በሙስሊሙና በሂንዱው መካከል ረብሻ ከመጣ፣ ሱቅ ከተቃጠለ፣ ድንጋይ ከተወረወረ ወዲህ ግን ሰላምታ እንኳ የለም። ዓመት ሞላ።

ታዲያ ማን አገናኛቸው? የሰፈሩ የልማት ማዕከል። ማዕከሉ ልብስ ስፌት ያስተምራል፣ ልጆች ያስጠናል። ዛሬ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ለማፍጠሪያ ጠርቶ፣ ሁለቱን ሴቶች አንድ ድስት ላይ አቆማቸው። ተንኮል ነው! ግን የተቀደሰ ተንኮል።

የናፊሳ ባል፣ "ቤቱን ሸጠን ወደ ወገኖቻችን ሰፈር እንሂድ" ብሏታል። "የዛሬን ብቻ ታገሠኝ" ብላዋለች። የዛሬን! ሱሺላ እንደ ድሮው ብታናግራት ትቀራለች፤ ካልሆነ ነገ ጓዟን ትሸክፋለች።

ምስሩ በሰለ። ማን ይቅመሰው? ናፊሳ ጭልፋውን ዘረጋች።

"ሱሺላ፣ ጨዉን ቅመሺልኝ።"

ሱሺላ ጭልፋውን አየችው። ናፊሳን አየቻት። ፊቷን አዞረች።

"ሌላ ሰው ይቅመስ።"

ወገኖቼ፣ ናፊሳ ምን ያሰበች ይመስላችኋል? እናንተ ብትሆኑስ? "እጄን ተጸየፈችው! ስንት ዓመት ከዚህ እጅ እንዳልበላች!" አለች በልቧ። በልቧ ብቻ። እዚያው በልቧ ጓዟን ሸከፈች፤ መጋረጃው ሳይቀር ወርዶ ታጠፈ።

የማዕከሉ ኃላፊ ወንድም ማቴዎስ ተጠራ። ያን ሰዓት በአቅራቢያው የተገኘ የማይጾም ሰው የእኛው ክርስቲያን ብቻ! ደጋግሞ ቀመሰ። "ግሩም ነው!" አለ። አስታራቂ አይደል? ማንንም ማስቀየም አይወድም።

ፀሐይ ጠለቀች። አዛን ተሰማ። ናፊሳ ተምር አንስታ ቀና ስትል፣ ሱሺላ የውሃ ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጨልጥ አየቻት። እንዲህ የሚጠጣ ጾመኛ ብቻ ነው። ጾመኛን ደግሞ ጾመኛ አይስተውም።

"አንቺ… ጾመሽ ነበር እንዴ?"

"ሰኞ ነው እኮ! የሰኞ ጾሜን አታውቂውም? ቅመሺ ስትይኝ፣ ረሳችኝ ብዬ ከፋኝ።"

"ታዲያ አትናገሪም?"

"ዓመት ሙሉ ዘግተሽኝ ጾሜን ልለፍፍልሽ?" አለችና ከምስሩ ጎረሰች። ፊቷ ተኮማተረ። "ናፊሳ! ይሄ ነገር ጨው የለውም!"

"ማቴዎስ ግሩም ነው ብሎኝ!"

"ለማቴዎስ ምን ግሩም ያልሆነ ነገር አለ!"

በትሕትና ሲያላምጡ የነበሩት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በሳቅ ፈነዱ። ማቴዎስ ጨው ፍለጋ ሮጠ። ናፊሳ ግን አልሳቀችም፤ እንባዋን ትጠርግ ነበር። ባሏ ከማዶ አያት። ራሷን ወዘወዘችለት። አንሄድም።

ወገኖቼ፣ ሁለቱም ተርበው ነበር። ሁለቱም ለአምላካቸው ብለው። ሁለት ረሃብ በአንድ ድስት አጠገብ ቆሞ ሳይተዋወቅ ዋለ።

እናንተስ? ያቺ በር ላይ ፊቷን ያዞረችባችሁ ጎረቤት፣ ያ ሰላምታችሁን ያልመለሰ ሰውዬ… "ንቆኝ ነው" ብላችሁ ፈርዳችኋል አይደል? ምስክር አልሰማችሁ፣ ተከሳሽ አልጠራችሁ፣ ይግባኝም የለው! ስለ ሰላም ግን ትጸልያላችሁ፤ ያውም በማይክራፎን።

ሂዱና ጠይቁ። "ምን ሆነሽ ነው?" በሉ። መልሱ ሊያስከፋችሁ ይችላል። አዎ፣ ይችላል። ግን ቢያንስ የእሷ መልስ ይሆናል። እስካሁን በእሷ ቦታ ስትመልሱ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ።